ጁን 16ን በደቡብ አፍሪካ ለቁም ነገር ማዋል፦ ለቤተሰብ፣ ለማኅበርና ለወጣት ቡድን ዝርዝር መመሪያ

ጁን 16 የደቡብ አፍሪካ የወጣቶች ቀን ነው፤ በ1976 በአፍሪካንስ (ሥልጣን የያዙት ነጮች ቋንቋ) መማርን ተቃውመው የተሰለፉት፣ ፖሊስም የተኮሰባቸው የሶዌቶ ተማሪዎች የሚታሰቡበት ነው። ሶዌቶ ጆሃንስበርግ አጠገብ ያለ የጥቁሮች መኖሪያ ነው። በእኛ አቆጣጠር ሁልጊዜ ሰኔ 9 ላይ ይውላል። ከ1995 ጀምሮ ሕዝባዊ በዓል ስለሆነ ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት ይዘጋል፤ እሑድ ከዋለ ሰኞም ይዘጋል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ጆሃንስበርግና አካባቢው ለሚኖሩ ወገኖች ነው፦ ልጆቻቸውን እዚያ ለሚያስተምሩ፣ በማኅበር ወይም በቤተ ክርስቲያን ወጣቶችን ለሚያስተባብሩ፣ ሎኬሽን (ከከተማው ዳር ያለ የጥቁሮች መኖሪያ ሰፈር) ውስጥ ሱቅ ላላቸው። መጨረሻ ላይ አገር ቤት ላሉ አንድ ክፍል አለ። ዓመታቱ በአውሮፓ፣ ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ዝርዝሩ ውስጥ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ይቅደም። በ1976 ስብሰባውን የጠሩት፣ ቀኑን የቆረጡት፣ ካርቶን ላይ መፈክር የጻፉት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። አብዛኛው ወላጅ ነገሩን የሰማው ከሆነ በኋላ ነበር። ስለዚህ ትልልቆቹ መድረክ ላይ ተቀምጠው ወጣቱ ወንበር ደርዳሪና አጨብጫቢ የሚሆንበት ዝግጅት፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ይህን በዓል አይመስልም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ የመነጨ ነው፦ ወጣቱ ያቅዳል፣ ይመራል፣ ይናገራል፤ ትልቁ መኪና ይነዳል፣ ምግብ ያዘጋጃል፣ ያዳምጣል።

ታሪኩን በትክክል መያዝ

አዘጋጆቹ ይህን ያህል ካላወቁ የሚያወሩት ሁሉ ስለ "ጀግንነት" ይሆንና ልጆቹ ስልካቸውን ያወጣሉ።

በ1953 የወጣው የባንቱ ትምህርት ሕግ የጥቁር ልጆችን ትምህርት ለይቶ፣ ዝቅ አድርጎ አስቀመጠው። በ1974 ደግሞ ሒሳብና ማኅበራዊ ትምህርት በአፍሪካንስ፣ ሳይንስና የእጅ ሥራ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ትእዛዝ ወጣ፤ ለአፍ መፍቻ ቋንቋ የተረፈው የሃይማኖት ትምህርት፣ ሙዚቃና ስፖርት ነበር። ብዙዎቹ መምህራን አፍሪካንስን ራሳቸውም በወጉ አይችሉትም። በ1976 ኤፕሪል መጨረሻ ሶዌቶ፣ ኦርላንዶ ዌስት ሰፈር ውስጥ ተማሪዎች ክፍል አንገባም አሉ፤ ሌሎች ትምህርት ቤቶችም ተከተሉ። እሑድ ጁን 13 ተወካዮቻቸው ተሰብስበው ሰልፉን ለረቡዕ ቆረጡ። እዚያ ስብሰባ ላይ ጎልቶ የታየው የ19 ዓመቱ ጺየትሲ ማሺኒኒ የሞሪስ አይዛክሰን ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር።

ረቡዕ ማለዳ ከናሌዲ፣ ከሞሪስ አይዛክሰንና ከሌሎች ትምህርት ቤቶች የወጡት ተማሪዎች መድረሻቸው ኦርላንዶ ስታዲየም ነበር። ፖሊስ ኦርላንዶ ዌስት ላይ ጠብቆ ተኮሰባቸው። የ15 ዓመቱ ሄስቲንግስ ንድሎቩና የ12 ዓመቱ ሄክተር ፒተርሰን ተገደሉ። ሳም ንዚማ ያነሳው ፎቶ ዓለምን ያዳረሰው ከዚያ ነው፤ ሄክተርን የተሸከመው ምቡዪሳ ማኩቦ፣ አጠገቡ የምትሮጠው የሄክተር እህት አንቷኔት ናት። ማኩቦ ከአገር ተሰደደ፤ ቤተሰቡ የመጨረሻውን ደብዳቤ ያገኙት በ1978 ከናይጄሪያ ነበር።

ሦስት ስሕተቶች በየዓመቱ ይደገማሉ። አንደኛው ልጆቹ "አፍሪካንስ አንማርም" አሉ የሚለው ነው፤ የተቃወሙት ሌላውን ትምህርት በአፍሪካንስ መማርን ነው፣ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሁለተኛው ሄክተርን የመጀመሪያው ሟች ማድረግ ነው፤ ከእሱ በፊት የተመታው ሄስቲንግስ እንደሆነ በሰፊው ይታመናል። ሦስተኛው በሟቾቹ ቁጥር መከራከር ነው። መንግሥት በመጀመሪያው ቀን 23 ብሎ ነበር፤ አመጹ በተስፋፋባቸው ወራት ለሞቱት ከ176 እስከ 700 የሚደርሱ ግምቶች አሉ። "በመቶዎች የሚቆጠሩ" ብሎ ማለፍ ይበቃል።

ከአራት ሳምንት በፊት

ከ15 እስከ 25 ዓመት ያሉ አምስት ወጣቶችን ሰብስቡ። የአገሪቱ ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ14 እስከ 35 ያለውን ነው፤ ነገር ግን የ34 ዓመት ሰው ኮሚቴ ውስጥ ከገባ የ16 ዓመቷ ልጅ አፏን አትከፍትም። ቢያንስ ሁለቱ ሴቶች ይሁኑ፤ ቢያንስ አንዱ ደግሞ ሱቅ ውስጥ የሚሠራ፣ ትምህርት ቤት የማይሄድ ወጣት ይሁን። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ለገንዘብና ለመኪና ብቻ ይመደቡ። ገንዘቡን የያዘው ሰው ፕሮግራሙን መምራት ከጀመረ ነገሩ ወዲያው ወደ ተለመደው የማኅበር ስብሰባ ይዞራል፤ ሥራዎቹን ከመጀመሪያው መለየት ያሻል።

ጁን የፈተና ወር ነው። በተለይ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የመንፈቅ ፈተና ላይ ናቸው። ኮሚቴው መጀመሪያ የፈተና ሰሌዳ ይሰብስብ፤ በማግስቱ ፈተና ያለበት ልጅ እስከ 7 ሰዓት ተሸኝቶ ቤቱ መድረስ አለበት። ጠቅላላ ዝግጅቱ ከ3 ሰዓት ጠዋት እስከ 7 ሰዓት፣ አራት ሰዓት ብቻ ይሁን። ቀኑን ሙሉ የሚል ፕሮግራም ያወጣ ሁሉ ከምሳ በኋላ ባዶ አዳራሽ ነው የሚያየው።

የሰው ብዛት ከ24 እስከ 36 ይሁን። ከዚያ ካለፈ ሁለት ቦታ ክፈሉት። የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም፦ 15 ካርቶን (ከሱቅ የተረፈ ሣጥን ተቀዶ ይበቃል)፣ 10 ወፍራም ማርከር፣ የሳም ንዚማ ፎቶ በኤ3 ወረቀት የታተመ 3 ቅጂ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ አንድ ደወል። ፕሮጀክተር ላይ አትመኩ። መብራት ሊጠፋ ይችላል፣ ባይጠፋም ገመድ ሲፈለግ 20 ደቂቃ ያልፋል። ወረቀት አይጠፋም።

የአየሩን ነገር አትናቁ። ሰኔ እዚያ ክረምት ነው፤ የእኛ ዓይነት ዝናባማ ክረምት ሳይሆን ደረቅና የሚቆረጥም ብርድ። ጠዋት ወደ ዜሮ ሊወርድ ይችላል፣ ቀን ወደ 16 እና 17 ዲግሪ ይወጣል፣ ፀሐይ 11 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች። አዳራሹ ማሞቂያ ከሌለው ፀሐይ የሚገባበትን ጎን ምረጡ፤ ሕፃን የያዙ እናቶችን በር አጠገብ አታስቀምጡ።

የሶዌቶ ጉብኝት፦ ለዋዜማው ቅዳሜ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጁን 16 ዕለት መታሰቢያው አካባቢ ባለሥልጣን፣ ካሜራና የአበባ ጉንጉን ይበዛል፤ መንገድም ሊዘጋ ይችላል። ልጆቻችሁ የሚያዩት የሰው ጀርባ ነው። ጉብኝቱን ከበዓሉ በፊት ባለው ቅዳሜ አድርጉትና በዓሉን ለውይይት አቆዩት። ቀድማችሁ ለሙዚየሙ ደውላችሁ የቡድን ሰዓት ያዙ።

አጭሩ መንገድ ኦርላንዶ ዌስት ውስጥ ነው። ከቪላካዚ ጎዳና፣ ከማንዴላ የቀድሞ ቤት ከቁጥር 8115 ትነሳላችሁ፤ የዴዝሞንድ ቱቱ ቤትም እዚያው ጎዳና ላይ ነው። ከዚያ ወደ ሄክተር ፒተርሰን መታሰቢያና ሙዚየም በእግር 15 ደቂቃ ገደማ ነው። ሙዚየሙ የተከፈተው ጁን 16 ቀን 2002 ነው። ለውስጡ አንድ ሰዓት ተኩል መድቡ። ከ10 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ግን 40 ደቂቃ ይበቃል፤ ምስሎቹ ከባድ ናቸው፣ እየጎተቱ ሁሉንም ማሳየት ለሌሊት ቅዠት ካልሆነ አይጠቅምም።

ረጅሙ መንገድ ከሞሪስ አይዛክሰን ትምህርት ቤት ጃባቩ ይነሳል። ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት የጁን 16 መታሰቢያ ቦታ አለ። ከዚያ እስከ ኦርላንዶ ዌስት ከአንድ ሰዓት በላይ የሚያስኬድ ነው፤ ከ13 ዓመት በላይ ላሉት እንጂ ለትንንሾች አይሆንም። ጊዜ ካላችሁ በመኪና ወደ ሬጂና ሙንዲ ቤተ ክርስቲያን እለፉ፤ ተማሪዎቹ ሸሽተው ገብተው ፖሊስ ውስጥ ድረስ የተኮሰበት፣ ጥይት የበሳው ሕንፃ ነው። አቫሎን መቃብር ሄክተርም፣ ሄስቲንግስም፣ በ1990 ጊኒ በስደት የሞተው ማሺኒኒም ያረፉበት ነው።

በሰልፍ መልክ መንገድ ላይ መሄድ ካሰባችሁ ሕጉን እወቁ። በሕዝብ መንገድ ላይ ከ15 ሰው በላይ ሆኖ መሰለፍ ቢያንስ 7 ቀን ቀድሞ ለከተማው አስተዳደር ማሳወቅን ይጠይቃል። ቀላሉ ዘዴ በ12 በ12 ተከፋፍሎ፣ በ10 ደቂቃ ልዩነት፣ እግረኛ መንገድ ይዞ መሄድ ነው። ለአስጎብኚውም ይመቻል፤ ከ12 በላይ ሲሆን ከኋላ ያለው ምንም አይሰማም። ከፊትና ከኋላ አንድ አንድ ትልቅ ሰው ይኑር። የአካባቢውን ልጅ በአስጎብኚነት ቅጠሩ፤ ለእሱም ገቢ ነው፣ ለእናንተም ደኅንነት ነው። ሬያ ቫያ አውቶቡስ ከመሃል ከተማ ወደ ሶዌቶ ይሄዳል፤ በበዓል ቀን ምልልሱ ስለሚሳሳ የዕለቱን ሰሌዳ አስቀድማችሁ አጣሩ።

ፎቶ መነሣት ነውር የለውም። ነገር ግን መታሰቢያው ፊት አንዱ ሌላውን ተሸክሞ ያንን ታዋቂ ምስል "መድገም" አሁን አሁን የሚታይ ልማድ ነው፤ ልጆቹን ቀድማችሁ ከልክሉ። አንቷኔት የወንድሟን ታሪክ ለጎብኚ ስትናገር የኖረች ሰው ናት፤ ቦታው የቤተሰብ ኀዘን ቦታ ነው።

በዕለቱ፣ የመጀመሪያው ሰዓት፦ በማያውቁት ቋንቋ መማር

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። ስለ ቋንቋ ጫና ሁለት ሰዓት ከመስማት ሩብ ሰዓት መቅመስ ይበልጣል።

አፍሪካንስ የሚችል ሰው ፈልጉ፤ ጎረቤት፣ የትምህርት ቤት መምህር፣ የልጆቻችሁ ጓደኛ ይሆናል። ለ8 ደቂቃ የክፍልፋይ ሒሳብ በአፍሪካንስ ብቻ ያስተምር። ሰሌዳ ላይ አኃዝ አይጽፍም፣ በቃል ብቻ። ሳይስቅ፣ ሳይተረጉም፣ ጥያቄ ለጠየቀውም በአፍሪካንስ እየመለሰ። ከዚያ አምስት ጥያቄ ያለበት ፈተና በዚያው ቋንቋ፣ በ5 ደቂቃ። ለምሳሌ "ድሪ ክዋርት ፋን ትዊንተኽ" ይላል፤ የሃያ ሦስት አራተኛ ማለት ነው፣ መልሱ 15። የ5ኛ ክፍል ልጅ በሚያውቀው ቋንቋ በ10 ሰከንድ የሚሠራው ጥያቄ ነው።

ወረቀቱ ይሰብሰብና ውጤቱ ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ ስም ሳይጠራ። ቀጥሎ ያው ትምህርት፣ ያው ፈተና፣ ልጆቹ በሚያውቁት ቋንቋ ይደገም። ሁለቱ ውጤቶች ካርቶን ላይ ጎን ለጎን ይጻፉ። ልዩነቱ ራሱ ይናገራል፤ ማብራሪያ አትጨምሩበት።

ሁለት ነገር ሊያበላሸው ይችላል። እዚያው አገር ተወልደው አፍሪካንስን ትምህርት ቤት የሚማሩ ልጆች ይኖራሉ፤ እነሱን ፈታኝ አድርጓቸው፣ ካልሆነ ዝግጅቱ ይከሽፋል። ሁለተኛ፣ አስተማሪው ኮሜዲ እንዳያደርገው ንገሩት። ልጅ ካልገባው ፈገግ ሳይሆን ቆጣ ይበል። ያኔ ነው በ1975 ክፍል ውስጥ የነበረው ስሜት ትንሽ የሚቀርበው።

ከዚያ በኋላ ካርቶኖቹን አውጡ። ከ1976ቱ መፈክሮች አንዱ "አፍሪካንስ እንድንማርበት ከተገደድን ቮርስተር ዙሉ ይማር" የሚል ሐሳብ ነበረው፤ ቮርስተር የዚያን ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ነው። ቀልድም ቁጣም ያለበት ነው። ወጣቶቹ ዛሬ በሚማሩበት ትምህርት ቤት፣ በሚሠሩበት ሱቅ፣ በቤታቸው ያለውን አንድ ነገር እንዲህ በአጭሩ ይጻፉ፤ ከ8 ቃል አይብለጥ። ወላጆች ከሚጻፈው ውስጥ የሚያስደነግጥ ያገኛሉ። አትሰርዙ።

ሁለተኛው ሰዓት፦ ክቡን መምራት

ወንበሮቹ በክብ፣ በአንድ ክብ ከ12 ሰው አይብለጥ። ትልልቆች ከክቡ ውጭ፣ ከኋላ ይቀመጣሉ፤ የመናገሪያ ጊዜያቸው የመጨረሻው 15 ደቂቃ ነው። ይህን ለእማማና ለአባባ መንገር የኮሚቴው ልጆች ሥራ ከሆነ ያፍራሉ፤ ከሁለቱ ትልልቆች አንዱ ዋዜማ በስልክ ይንገራቸው። "ዛሬ የልጆቹ ቀን ነው፣ ምርቃቱን ግን እርስዎ ነዎት የሚያሳርጉት" ቢባሉ የሚቀየም የለም።

መሪዋ ወይም መሪው በፎቶው ይጀምራል። ሦስት ቅጂ ወረቀት በእጅ ይዞራል፣ ሁለት ደቂቃ ዝም ይባላል። ከዚያ አንድ ጥያቄ፦ ከሦስቱ ሰዎች የማን ታሪክ ነው ያልተነገረው? አብዛኛው ሰው ስለ ማኩቦ ሰምቶ አያውቅም፣ ስደት ላይ የጠፋ ወጣት መሆኑ ሲነገር የእኛ ልጆች ክፍል ጸጥ ይላል፤ ብዙዎቹ ቤት ውስጥ በመንገድ የቀረ ዘመድ አለና።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ቋንቋ ነው። የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ መዝሙር በአምስት ቋንቋ ይዘመራል፦ ኮሳ፣ ዙሉ፣ ሶቶ፣ አፍሪካንስና እንግሊዝኛ። ያ ሁሉ ደም የፈሰሰበት ቋንቋ መዝሙሩ ውስጥ መቆየቱ ትክክል ነው ወይ? ልጆቹ ከፍ ባለ ድምፅ ይከራከራሉ፤ ጥሩ ነው። ከዚያ ወደ ቤት ይዞራል፦ አማርኛ ወይም ሀዲይኛ ወይም ከምባትኛ አትችልም ተብሎ የሚሰደበው ልጅ ምን ይሰማዋል? ወላጅ እዚህ ላይ ጣልቃ መግባት ያምረዋል። 15 ደቂቃውን ይጠብቅ።

አንድ ሰው ከ2 ደቂቃ በላይ አይናገርም፤ ደወሉ ለዚህ ነው። የማይናገር ልጅ ካለ አታስገድዱት፣ ማርከር ስጡትና የተባለውን ካርቶን ላይ ይጻፍ። አማርኛ የሚከብደው በእንግሊዝኛ ይናገር፤ በዚህ ቀን ልጅን በቋንቋ ማሸማቀቅ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው።

የሚበላውና የሚለበሰው

ጁን 16 ብዙ ጊዜ ከሰኔ ጾም ጋር ይገጥማል፣ ስለዚህ ጾም በሆነ ምግብ ማቀድ ይሻላል። ደግነቱ የሶዌቶ ተማሪ ምግብ የሆነው ማግዊኛ ወተትም እንቁላልም የለበትም፤ የእኛ ቦምቦሊኖ ዘመድ ነው። ለ1 ኪሎ የፉርኖ ዱቄት 10 ግራም ደረቅ እርሾ፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 2 የሻይ ማንኪያ ጨውና 650 ሚሊ ሊትር ገደማ ለብ ያለ ውሃ። ሊጡ ከዳቦ ሊጥ ላላ ብሎ እጅ ላይ የሚይዝ ይሁን። በዚያ ብርድ ለመነሣት አንድ ሰዓት አይበቃውም፤ ብርድ ልብስ ሸፍናችሁ አንድ ሰዓት ተኩል ጠብቁ። በ70 ግራም ሲድቦለቦል ከኪሎው 23 ገደማ ይወጣል፤ ለ30 ሰው 2 ኪሎ ተኩል ዱቄት በቂ ነው።

ዘይቱ ከ170 እስከ 180 ዲግሪ ይድረስ። ቴርሞሜትር ከሌለ ቁራጭ ሊጥ ጣሉ፦ ሰምጦ ወዲያው እየተንፈቀፈቀ ከወጣ ደርሷል፤ ሳይሰምጥ ከጠቆረ በዝቷል። ውስጡ ጥሬ ውጭው ጥቁር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በአንድ ጊዜ ከ5 በላይ ድስት ውስጥ ከተጨመረ ደግሞ ዘይቱ ይቀዘቅዝና ሊጡ ዘይት ይጠጣል። እያንዳንዱ ጎን 3 ደቂቃ። ውስጡን ቀዶ ምስር ወጥ ወይም የአካባቢውን አቻር (ቅመም የበዛበት የማንጎ ማባያ) መጨመር ነው። ሻይ በነፍስ ወከፍ ሁለት ስኒ ቢባል 12 ሊትር።

የትምህርት ቤት ዩኒፎርም መልበስ የቀኑ ልማድ ነው፤ ትልልቅ ሰዎችም የሟቾቹን ክብር ለማሰብ ይለብሱታል። ሙሉ ዩኒፎርም ባይኖር ነጭ ሸሚዝና ክራቫት ይበቃል። ያንኑ ዩኒፎርም ለብሶ መጠጥ ቤት መዋልም ከተለመደ ቆይቷል፣ ብዙ ደቡብ አፍሪካውያንም በየዓመቱ ይቆጡበታል። የእናንተ ልጆች በዩኒፎርም ከወጡ የት እንደሚያመሹ እወቁ።

የመጨረሻው ሰዓት፦ የማመልከቻ ጠረጴዛ

በጁን የሚደረግ በመሆኑ በዓሉ ለአንድ ተግባር በጣም ይመቻል። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ የሚያመለክቱበት ወቅት ነው፤ አንዳንድ ፋኩልቲዎች ጁን መጨረሻ ላይ ይዘጋሉ፣ በተለይ የጤና ትምህርት ክፍሎች። 3 ላፕቶፕ፣ በቂ ዳታ፣ ዩኒቨርሲቲ የገቡ 3 ታላላቆች፤ ለአንድ ልጅ 30 ደቂቃ።

ልጁ ይዞ የሚመጣው የ11ኛ ክፍል የመጨረሻ ውጤት (ማመልከቻው የሚመዘነው በእሱ ነው)፣ መታወቂያ ወይም የስደተኛ ወረቀት፣ የአድራሻ ማረጋገጫ፣ የወላጅ የገቢ ማስረጃ ነው። ኮፒዎቹ ማረጋገጫ ማኅተም ያስፈልጋቸዋል፤ ፖሊስ ጣቢያ በነጻ ይመታል። ብዙ ተቋማት ከ3 ወር ያለፈ ማኅተም ስለማይቀበሉ በሜይ መጨረሻ ማስመታት ትክክለኛው ጊዜ ነው። በክፍል 22 (የጥገኝነት ጠያቂ) ወይም በክፍል 24 (ጥገኝነቱ የጸደቀለት ስደተኛ) ወረቀት የሚኖር ቤተሰብ የማለቂያ ቀኑን ያረጋግጥ፤ ጥገኝነቱ የጸደቀለት ልጅ እንደ አገሬው ይክፈል ወይስ እንደ ውጭ ተማሪ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ስለሚለያይ የቅበላ ክፍሉን በጽሑፍ ጠይቁ። በስልክ የተሰጠ መልስ በኋላ አይያዝም።

ትንንሾቹን አትርሱ። የ9ኛ ክፍል ተማሪ ለ10ኛ ክፍል ትምህርት ይመርጣል፤ "ማትስ" (ዋናው ሒሳብ) እና "ማትስ ሊተራሲ" (ለዕለት ኑሮ የሚሆን ቀለል ያለ ሒሳብ) ለወላጅ ጆሮ አንድ ይመስላሉ። ሁለተኛውን የመረጠ ልጅ ምሕንድስና፣ ሕክምናና አካውንቲንግ ያመልጡታል። ብዙ ወላጅ ይህን የሚያውቀው 12ኛ ክፍል ላይ ነው፣ ያኔ መመለሻ የለውም።

ከ16 ዓመት በላይ ሆነው 50 ኪሎ የሚመዝኑ ወጣቶች ደም መስጠትም ይችላሉ። ቁርስ በልተው፣ ውሃ ጠጥተው ይሂዱ፤ የሚጾሙት ለሌላ ቀን ያቆዩት።

ሱቅ ላላችሁ

ጄፔም (ጆሃንስበርግ መሃል ያለው የእኛ ሰዎች የንግድ ሰፈር) ሆነ ሎኬሽን፣ ባንኮኒ ኋላ የቆመው ሠራተኛ ራሱ ብዙ ጊዜ የ20 እና የ22 ዓመት ወጣት ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ እረፍት የሌለው። ለሌላ ልጅ ከመለገስ በፊት እሱን መልቀቅ ይቀድማል። በሕጉ በሕዝባዊ በዓል መሥራት በስምምነት ነው፤ በመደበኛ የሥራ ቀኑ ከሠራ ቢያንስ እጥፍ ይከፈለዋል። ሙሉ ቀን መዝጋት ካልተቻለ እስከ 7 ሰዓት ዝጉ፤ ማስታወቂያውን በእንግሊዝኛና በሰፈሩ ቋንቋ ዋዜማ በር ላይ ለጥፉ። ሳይነገር የተዘጋ ሱቅ ሐሜት ይፈጥራል።

ለሰፈሩ ዝግጅት እርዱ ስትባሉ ጥሬ ገንዘብ አትስጡ። ዳቦ፣ ጁስ፣ ደብተር ስጡ፣ ለትምህርት ቤቱ ወይም ለማኅበረሰብ ማዕከሉ በዝርዝር አስፈርማችሁ። የእናንተው ወጣቶች ራሳቸው ወስደው ያስረክቡ፤ ሎኬሽን ውስጥ የሰፈር ሰው የሱቁን ልጅ በስሙ ማወቁ ክፉ ቀን ሲመጣ ከብረት በር ይልቅ ይጠብቃል።

አገር ቤት፣ ሰኔ 9

የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የሶዌቶን ልጆች ለማሰብ ጁን 16ን የአፍሪካ ሕፃናት ቀን አድርጎ ሰይሞታል፤ ከ1991 ጀምሮ ይከበራል። የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር የጸደቀውም አዲስ አበባ ላይ፣ በ1990 ነው። በኢትዮጵያ ሥራ የሚያዘጋ በዓል አይደለም፤ በየዓመቱ አህጉራዊ መሪ ቃል ይወጣለታል፣ ብዙ ትምህርት ቤት መሪ ቃሉን ባነር ላይ ጽፎ ያልፈዋል።

አንድ የክፍል ክፍለ ጊዜ ይበቃል። የቋንቋው ልምምድ እዚህ እንዲያውም ይቀላል፦ ክፍሉ የማይችለውን የአገራችንን ቋንቋ የሚያውቅ መምህር አይጠፋም። አዲስ አበባ ላይ በሲዳምኛ ወይም በሶማልኛ፣ ሌላ ቦታ ክፍሉ በማያውቀው ሌላ ቋንቋ 8 ደቂቃ ሒሳብ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ክፍሉ ውስጥ ያንን ቋንቋ የሚናገር ልጅ ካለ እንደ መሳቂያ እንዳይታይ፣ ረዳት አስተማሪ ተደርጎ ፊት ይቁም። ከዚያ ፎቶው፣ ከዚያ ውይይቱ። ሰኔ ዝናቡ የሚጀምርበትና የዓመት ፈተና የሚቀርብበት ስለሆነ ሜዳ ላይ ድንኳን ተክሎ የክብር እንግዳ መጠበቅ አያዋጣም፤ ክፍል ውስጥ፣ ከሁለተኛው ክፍለ ጊዜ በፊት አድርጉት፣ ያኔ ልጆቹም አልደከሙም ዝናቡም አልመጣም።